የጣና ዳር ማዕድ፦ ሐላል፣ ልማድና ንቀት

 

በባሕር ዳር ከተማ፣ በፋሲሎና በሌሎች የጣና ዳር ሰፈሮች በምግብ ዙሪያ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። «አምባዛ ይበላል ወይ?»፣ «ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣስ?»፣ «ክርስቲያን ጎረቤታችን ያረደው እንዴት ይታያል?»፣ «ከነገደ ወይጦ ቤት መብላት ይቻላል?» የሚሉት ዋናዎቹ ናቸው። ጥያቄዎቹ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በውስጣቸው ግን አንዱ የሸሪዓ ጥያቄ ነው፤ ሌላው የጤና ነው፤ ሌላው የግል ምርጫ ነው። በሃይማኖት ስም የተሸፈነ ንቀት የሆነም አለ። እነዚህን ካልለየን አላህ የፈቀደውን ልንከለክል፣ ወይም የሙስሊም ወንድማችንን ክብር ልንነካ እንችላለን።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በየፈርጁ ለማስቀመጥ እንሞክራለን። ፈትዋ ለመስጠት አይደለም። አንባቢ የአካባቢውን ዐሊም ሲጠይቅ ጥያቄውን አስተካክሎ እንዲጠይቅ ለመርዳት ነው።

1. መሠረቱ፦ ፈቃድ ነው መነሻው

በምግብ ጉዳይ ዑለማዎች የሚነሡበት መርሕ ግልጽ ነው፦ ማስረጃ ካልከለከለው በቀር ምግብ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ማስረጃ የሚጠየቀው «ሐራም ነው» የሚለው ሰው ነው።

በቁርኣን የተከለከሉት በሱረቱል በቀራ (2፡173)፣ በሱረቱል ማኢዳ (5፡3) እና በሱረቱል አንዓም (6፡145) ተዘርዝረዋል፦ በክት፣ የሚፈስ ደም፣ የዓሣማ ሥጋና ከአላህ ውጭ ላለ ነገር የታረደ። በማኢዳ ላይ ደግሞ ታንቆ፣ ተደብድቦ፣ ከከፍታ ወድቆ፣ ተወግቶ ወይም አውሬ በልቶት የሞተ ተጨምሯል። ሕይወቱ ሳይወጣ ተደርሶበት የታረደው ግን ይበላል። በሐዲሥ ደግሞ በክራንቻው አድኖ የሚበላ አውሬና በጥፍሩ የሚይዝ አዳኝ ወፍ ተከልክሏል። አስካሪ መጠጥም በግልጽ ሐራም ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ቁርኣን ሌላውንም ድንበር ያስጠነቅቃል። ያለ ማስረጃ በምላስ ብቻ «ይህ ሐላል ነው፣ ይህ ሐራም ነው» ማለት በአላህ ላይ መቅጠፍ መሆኑን ሱረቱን ነሕል (16፡116) ያስተምራል። አላህ የፈቀደውን መልካም ነገር እርም እንዳናደርግም ሱረቱል ማኢዳ (5፡87) ይከለክላል። ሐራሙን ሐላል ማለት ወንጀል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሐላሉን ሐራም ማለትም እንዲሁ ወንጀል መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

2. አለመውደድ ሌላ፣ ሐራም ማለት ሌላ

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ክስተት ለዚህ ርዕስ ቁልፍ ነው። በእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት «ደብ» የሚባለው የበረሃ እንሽላሊት ተጠብሶ ቀረበ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ሐራም እንዳልሆነ፣ በወገኖቻቸው ምድር የማይገኝ በመሆኑ ግን ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ነገሩት። ኻሊድ ወደ ራሱ ስቦ በላ፤ እርሳቸው እያዩ።

ከዚህ ሦስት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ ሰው ያላደገበትን ምግብ ነፍሱ ላትቀበል ትችላለች፤ ነውር የለበትም። ሁለተኛ፣ ያ የግል ስሜት ለሌላው ሕግ አይሆንም። ሦስተኛ፣ እያየን ሌላው ሲበላ ፊታችንን ማጥቆርም አይገባም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አነውረው አያውቁም ነበር፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል።

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ተማሪዎች ምሳቸውን ሲከፍቱ «እንትን ትበላለህ እንዴ?» የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ልጅን ለሳምንታት ብቻውን እንዲበላ ስታደርግ አይተናል። ሕፃን ይህን ከኪታብ አላገኘውም፤ ከቤት ሰምቶት ነው።

3. የጣና ዓሣ

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከዓሣዎቹ ገበያ ላይ በብዛት የሚታወቁት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ የሚባሉት ናቸው። ነጭ ዓሣ በሚለው ስም ከሚጠሩት ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው።

በሸሪዓ የዓሣ ነገር ቀላል ነው። ሱረቱል ማኢዳ (5፡96) የባሕርን አደንና ምግቡን ፈቅዷል። የባሕር ውኃ ንጹሕ፣ በውስጡ የሞተውም የተፈቀደ መሆኑ በሐዲሥ ተነግሯል። «ባሕር» የሚለው ቃል ለሐይቅና ለወንዝም ይሠራል፤ እኛም ከተማችንን ባሕር ዳር የምንለው በዚሁ አነጋገር ነው። ዓሣ እርድ አያስፈልገውም። ስለዚህ ያጠመደው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ብይኑ አይለወጥም። በሀገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን ሥጋ በአንድ ትሪ ላይ ባይጋሩም ዓሣን ግን ያለ ጥያቄ አብረው ሊበሉ የሚችሉት ለዚህ ነው።

*አምባዛ።* አምባዛ ቅርፊት የለውም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወገኖቻችን ዘንድ ብዙዎች የማይበሉት በኦሪት ዘሌዋውያን ያለውን የቅርፊትና የክንፍ መስፈርት ተከትለው ነው። በአራቱ የሱኒ መዝሀቦች ግን ቅርፊት መስፈርት አይደለም፤ አምባዛ ዓሣ ነው፣ ዓሣም ሐላል ነው። ሙስሊም ሆኖ አምባዛን «ሐራም» የሚል ሰው ከጎረቤት የወረሰውን ልማድ ነው የሚናገረው። መልኩን ወይም ጣዕሙን ያልወደደው ሊተወው መብቱ ነው።

*ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ።* እዚህ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ማሊኪዎች፣ ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች ይፈቅዱታል። ማስረጃቸው ከላይ ያልነው ሐዲሥና በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) የተመራው ጦር በረሃብ ጊዜ ባሕር የተፋችውን ትልቅ ዓሣ ለቀናት መብላቱ ነው። ሐነፊዎች ግን ያለ ምክንያት በራሱ ሞቶ ሆዱን ገልብጦ የተንሳፈፈውን አይበሉም፤ በመረብ፣ በምት ወይም ውኃ ሸሽቶት የሞተውን ይበላሉ። ከፊቅሁ ባሻገር ማስተዋልም ያስፈልጋል። ዓሣ በጅምላ ሞቶ ሲንሳፈፍ ውኃው ተበክሎ ወይም ኦክስጅን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ጉዳት የሚያመጣ ነገር ደግሞ በየትኛውም መዝሀብ አይፈቀድም።

*ቆሻሻ የሚበላ።* «አምባዛ ከፍሳሽ አጠገብ ይበላል» የሚሉ አሉ። ፊቅህ ለዚህ «ጀላላ» የሚል ርዕስ አለው፦ አብዛኛው ምግቡ ነጃሳ የሆነና ሥጋው በዚያ የተለወጠ እንስሳ ለጊዜው ንጹሕ ምግብ እየተሰጠው ይቆያል፤ ከዚያ ይበላል። ብይኑ ለዚያ ለተለወጠው እንስሳ ነው እንጂ ለዝርያው በሙሉ አይደለም። ዶሮም ከብትም በዚህ ርዕስ ውስጥ ይገባሉ።

4. ጉማሬና የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን

በጣና ዳር ምግብ የሰው ማንነት መለኪያ የሆነበት በጣም ከባዱ ጉዳይ ይህ ነው።

የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከጣና ሐይቅ ጥንታዊ ነዋሪዎች አንዱ ነው። ከደንገል ታንኳ በመሥራት፣ በዓሣ ማጥመድ፣ ወፍጮ ድንጋይ በመውቀርና ቅርጫት በመሥራት ይታወቃል። በቀደመው ዘመን ደግሞ ጉማሬ ያድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለ እነርሱ ጽፏል። ያኔ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ዩገን ሚትቮክ ሲያጠናቸው ግን ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። ቋንቋው ጠፍቷል፤ ከጉማሬ ሥጋ ጋር የተያያዘው መገለል ግን አልጠፋም።

የነገደ ወይጦ ሰዎች ሙስሊም ነን ይላሉ፤ የሙስሊም ስም ይይዛሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይጾማሉ። ክርስቲያኑ ጉማሬ በመብላታቸው አራቃቸው። ሙስሊሙም እንዲሁ በዚያው ምክንያት እስልምናቸውን ተጠራጠረ። በጋብቻ፣ በማዕድ፣ አንዳንዴም በመስጊድ ሶፍ ሳይቀር ዳር እንዲቆሙ የተደረገበት ዘመን ረጅም ነው። «ወይጦ» የሚለው ቃል ራሱ በሰፈር ንግግር ስድብ ሆኖ ይውላል።

እስኪ ነገሩን በሸሪዓ ሚዛን እንየው።

*የጉማሬ ብይን።* በጉማሬ ላይ ዑለማዎች አልተስማሙም። ጥያቄው ከየት ይመደባል የሚለው ነው። ሐነፊዎች ከውኃ እንስሳት ዓሣን ብቻ ስለሚፈቅዱ ጉማሬ በእነርሱ ዘንድ አይበላም። ማሊኪዎች የውኃ እንስሳን በሰፊው ይፈቅዳሉ። በየብስም በውኃም በሚኖር እንስሳ ላይ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች ውስጥ ዝርዝር ክርክር አለ። የሚፈቅዱት ወገኖች ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር የሚግጥ እንጂ በክራንቻው አድኖ የሚበላ አውሬ እንዳልሆነ ያነሣሉ፤ በየብስ ስለሚኖርም መታረድ አለበት ይላሉ። እንግዲህ «አይበላም» ማለት የሚከበር አቋም ነው። «የበላ ከእስልምና ወጣ» ማለት ግን ከየትኛውም መዝሀብ የሌለ ቃል ነው። በግልጽ ሐራም የሆነውን የበላ ሙስሊም እንኳ ሐላል ነው ብሎ እስካልካደ ድረስ ወንጀለኛ ይባላል እንጂ ካፊር አይባልም።

*ዛሬ ያለው እውነታ።* ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሀገሪቱ ሕግ ክልክል ነው። ጉማሬ የሚበላበት ማዕድ ለአብዛኛው የዛሬ ወጣት የአያቶች ታሪክ ነው። ልጅ ባልበላው ሥጋ አባቱ ወይም አያቱ በበሉት እየተጠየቀ ከማዕድ የሚርቅበት አንድም የሸሪዓ መሠረት የለም።

*ያረዱትስ?* ሙስሊም በቢስሚላህ ያረደው ሐላል ነው። አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሥጋ ሲያመጡ የአላህን ስም አንሥተው ማረዳቸውን አናውቅም ተብሎ በቀረበ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እናንተ ስሙን አንሡና ብሉ እንዳሉ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ጥርጣሬ የሙስሊምን እርድ አያበላሽም። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ካስተላለፉትና በቡኻሪ ከተዘገበው ሌላ ሐዲሥ ደግሞ እንደምንረዳው፣ ሶላታችንን የሰገደ፣ ቂብላችንን የተቀበለና ያረድነውን የበላ ሰው ሙስሊም ነው፤ የአላህና የመልእክተኛው ጥበቃ አለው። የምግብ ማዕድ በሐዲሡ ውስጥ የመቀበያ ምልክት ሆኖ ነው የመጣው። እኛ መለያያ ካደረግነው ነገሩን ገልብጠነዋል።

*ስሙስ?* ሱረቱል ሑጁራት (49፡11) ወገን በወገን ላይ እንዳይሳለቅና በመጥፎ ቅጽል እንዳይጠራራ ይከለክላል። ጉማሬ መብላት በዑለማዎች መካከል ያከራክራል፤ ሙስሊምን መናቅ ሐራም መሆኑ ግን አያከራክርም። ያከራከረውን አጥብቀን ይዘን ያላከራከረውን ከጣስን የፍርሃታችን ምንጭ አላህ ሳይሆን የሰፈር ወሬ ነው ማለት ነው።

5. የሙስሊም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ

ሱረቱል ማኢዳ (5፡5) የመጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ ለሙስሊም፣ የሙስሊምም ለእነርሱ የተፈቀደ መሆኑን ይገልጻል። ዑለማዎች ይህን በዋነኛነት እርድን እንደሚመለከት አድርገው ተርጉመውታል፤ በትክክል የታረደ መሆኑንና ለአላህ ካልሆነ አካል አለመታረዱን ግን ያጤናሉ።

በኢትዮጵያ ግን ሁለቱም ወገን የሌላውን እርድ አይበላም። ሥጋ ቤት ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይደረጋል፤ ሠርግ ላይ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት አራጅ ይዘጋጃል። ይህ ከየት መጣ? ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። በእንዲህ ያለ ዘመን ማተብ ማሰርና የክርስቲያን እርድ መብላት የሃይማኖት ለውጥ ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ስለዚህ ሥጋውን አለመብላት ለአያቶቻችን ዲናቸውን የያዙበት ገመድ ነበር። ይህን ታሪክ ማቃለል አይገባም።

ይሁንና ታሪክንና ብይንን ለይተን እንያዝ። ልማዱን ጠብቆ አለመብላት ይቻላል፤ ማንም አይገደድም። ጎረቤትም ልማዳችንን ያውቃል፣ ለእኛ ለይቶ ያዘጋጃል፤ እኛም ለእርሱ እናዘጋጃለን፤ ይህ የመከባበር ባህል ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው አንዱ ከቁርኣን ያገኘው ክልከላ አድርጎ ሲያስተምረው፣ ወይም የጎረቤትን ቡና፣ እንጀራና ሽሮ ሳይቀር ሲጸየፍ ነው።

6. ሐላል ብቻ አይበቃም፤ ጠይብም ይሁን

ቁርኣን (2፡168) ሲያዝ ሐላል የሆነውንና ጠይብ የሆነውን አያይዞ ነው። ሰውነት የአላህ አማና ነው። ሐላል የሆነ ምግብ በአበላላችን ሊጎዳን ይችላል።

*ጥሬ።* በሀገራችን ጥሬ ሥጋ መብላት የተለመደ ነው። በደንብ ያልበሰለ የከብት ሥጋ የኮሶ ትል ያስተላልፋል። ጥሬ ዓሣም ጥገኛ ትሎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። የታረደበት መንገድ ሐላል መሆኑ ትሉን አይገድለውም፤ እሳት ነው የሚገድለው።

*ብዛት።* ሱረቱል አዕራፍ (7፡31) መብላትና መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን ከልክሏል። ሚቅዳም ኢብኑ መዕዲከሪብ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ ሆድ በሦስት እንዲከፈል ተመክሯል፦ ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ። በረመዷን ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ጭማቂ ጾሙን ወደ ክብደት መጨመሪያ ሲለውጠው ማየት የተለመደ ሆኗል።

*ጫት።* በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት በስፋት ይመረታል። ዑለማዎች በጫት ላይ ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል። በ974 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሻፊዒው ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ከየመን ጥያቄ ደርሷቸው፣ ስለ ጉዳቱ የመጣላቸው ምስክርነት እርስ በርሱ ስለተጋጨ በቁርጥ ሐራም ሳይሉ እንዲርቁት መክረው ጽፈዋል። ዛሬ ጠያቂው ራሱ መልሱን ሊያግዝ ይችላል፦ ሶላትን ያሳልፍብኛል? የቤተሰቤን ቀለብ ይነካል? እንቅልፌን ይነሣኛል? ከሆነ በምግብ ስም ጉዳት እያስገባን ነው።

7. በማዕድ ዙሪያ አምስት መመዘኛዎች

አንድ ምግብ ሲያጠራጥረን በዚህ ቅደም ተከተል እንጠይቅ፦

1. በቁርኣን ወይም በሐዲሥ በግልጽ ተከልክሏል? ከሆነ ወሬው አለቀ።
2. ዑለማዎች ተለያይተውበታል? ከሆነ የምንተማመንበትን ዐሊም እንከተል፤ ሌላውን መዝሀብ የተከተለን አንኮንን።
3. ጤናን ይጎዳል? ከሆነ ሐላልነቱ ምክንያት አይሆንልንም።
4. ነፍሳችን ብቻ ነው ያልወደደችው? ከሆነ በትሕትና እንተወው፤ አናነውረው።
5. የምንሸሸው ምግቡን ነው ወይስ ምግቡን ያቀረበውን ሰው? ሰውየውን ከሆነ፣ ችግሩ ሳሕኑ ላይ አይደለም።

አምስተኛውን ጥያቄ በተለይ ለወላጆች፣ ለመድረሳ ኡስታዞችና ለመስጊድ ኮሚቴዎች እንተዋለን። ከነገደ ወይጦ ሰፈር የመጣ ልጅ ቁርኣን ሲቀራ ከማን አጠገብ ይቀመጣል? በኢፍጣር ማዕድ ላይ ከማን ጋር ይቆርሳል? የሞተ ሲኖር ጀናዛውን ማን ይሸኛል? ወሕሺ ኢብኑ ሐርብ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ፣ ሶሓቦች እንበላለን ግን አንጠግብም ባሉ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተለያይታችሁ ትበሉ ይሆናል አሏቸው፤ በምግባችሁ ላይ ተሰብሰቡ፣ የአላህንም ስም አውሱ፣ ይባረክላችኋል ሲሉም መከሯቸው።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ ከሐራሙ ያርቀን፣ ወንድምን ከመናቅም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።